ነጠላዬን ያዘቀዘቅኩበት ጠዋት

ስጋታም ሰው ነኝ። ስልክ አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ ልቤ መምታት ይጀምራል። ሰው «የማዋይሽ ነገር አለ» ካለኝ፣ ጉዳዩ የጎመን ዘር ልመና ቢሆን እንኳ ቀድሜ በርጩማ እፈልጋለሁ። እንዲህ ሆኜ አልተወለድኩም። አረብ አገር የሰው እናት ስጦር የራሴ እናት ሞታ ተቀብራ ኖሮ፣ ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ማንም አልነገረኝም። «በሰው አገር ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች» ተባብለው ደበቁኝ። ደውዬ «እናቴን አቅርቡልኝ» ስል አንዴ ጠበል ሄዳለች፣ አንዴ ጉሮሮዋን ዘግቷታል ይሉኛል። እኔም አምን ነበር፤ ማመን ይቀላል። ኮንትራቴን ጨርሼ ደብረ ታቦር በገባሁ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አክስቶቼና ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፉ ላይ ቆመው አየኋቸው። አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ገባኝ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ። ከታች መዋል ያለበት ጥለት ወደ አንገት ከወጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ከፍቼ ሹሩባ እሠራለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ግን ሱቄን ሳልከፍት፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ እሄዳለሁ። በጎ ፈቃደኛ ይሉኛል። ፈቃዴ በጎ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። የራሴን እናት ሳልጦር የባዕድ አሮጊት እግር ስድስት ዓመት ማጠቤ ቆጭቶኝ ነው የሄድኩት። ከአረብ አገር ያመጣሁት ሙያ ቢኖር የሽማግሌ ጥፍር መቁረጥ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ሙያ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው የእግር ጥፍር በሞቀ ውሃና በጨው ግማሽ ሰዓት ካልተዘፈዘፈ መቁረጫ ይሰብራል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ሰው ማውራቱ አይቀርም። የግቢውን ሰው ሁሉ ታሪክ ያወቅኩት ሳፋዬ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

ከሁሉም ተረበኛው አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ ድሮ ገበሬ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። «እጅሽ በረዶ ነው፤ ባል ያጣሽው ለዚሁ ነው» ይሉኛል። «እንግዲያው እርስዎ ያግቡኝ» እላቸዋለሁ። «በአንድ ዓይኔ አይቼሽ እኮ ነው እምቢ ያልኩ» ይሉና ግቢውን ያስቁታል።

እኔ ግን ልቤ የሚያዳላው ለአንዲት እናት ነበር። አንበሳሜ ገበያ በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ፣ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ምላሳቸው እንደ በርበሬያቸው የሚፋጅ ሴት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር ሰው የላቸውም፣ እሷም አረብ አገር ናት። ልጅቱ በየእሑዱ በመጦሪያው አስተባባሪ ስልክ ትደውል ነበር። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። ከዚያ ቆመ። ያ ጠዋት ሲመጣ ከደወለች ሰባት ወር አልፏት ነበር። እማማ ወንበራቸውን ሁልጊዜ ከበሩ ፊት ለፊት ያደርጋሉ። ገና ሳፋዬን ሳላስቀምጥ «ስልክ አልመጣም?» ይላሉ። «ይመጣል እማማ» እላለሁ። እንዲህ ያለ ዝምታ ግን ምን ሊይዝ እንደሚችል አውቃለሁ።

አንድ ዓርብ የጎረቤቴ ባል ሞቶ ቀብሩ ረፋዱ ላይ ነበር። ያን ቀን መጦሪያው ብቀር የሚወቅሰኝ አልነበረም። ግን የእኒያ የተረበኛው ሽማግሌ አውራ ጣት አመርቅዞ ነበርና ፋሻቸውን ቀይሬላቸው ልሂድ አልኩ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ለቀብር እንደለበስኩ፣ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔን ሲያዩ ወሬያቸው ተቋረጠ። እዚያ ግቢ ውስጥ ሩቅ የሄደ ሰው የሌለው የለም፤ የአንዱ ልጅ ወታደር ነው፣ የአንዷ ልጅ በባሕር ተሻግሯል፣ የሌላው ወንድም ከጠፋ ዘመን አልፎታል። ሁሉም ነጠላዬን ያያሉ። አንዷ አማተቡ። ወደ ማን እንደምሄድ ነበር የሚጠብቁት። እኔ ከንቱ ግን የታየችኝ ሳፋዬ ብቻ ናት። ሳፋዬ ደግሞ የምትቀመጠው እማማ ወንበር አጠገብ ነው። ቀጥ ብዬ ወደ እሳቸው ስሄድ ከኋላዬ ሌሎቹ ትንፋሻቸውን ሲለቁት ሰማሁ።

«መጣሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

«መጣሁ እማማ። እንዴት አደሩ?»

«ማን ላከሽ?»

ያኔ ገባኝ። እጄን ወደ አንገቴ ሰድጄ ጥለቱን ነካሁት። «ኧረ እማማ፣ የጎረቤቴ ባል ሞቶ ቀብር ልሄድ ነው። የእርስዎ ነገር አይደለም።»

«አወን፤ እንዲያ ነው የሚባል» አሉ። «አባቷ የሞተ ጊዜ በሬው ገደል ገባ ነበር ያሉኝ። ለበሬው ሳለቅስ አቆዩኝና ነገሩኝ።»

ደንግጬ ነጠላዬን ቶሎ ገልብጬ ጥለቱን ወደ ታች መለስኩት። ይሄ ደግሞ የባሰ ሆነ። እማማ እያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አሁን መደበቅ ጀመረች ማለታቸው ነው። ከዚያ የራሳቸውን ነጠላ ፈቱና ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ለበሱ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሬሳዋስ ይመጣል?»

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። አስተባባሪዋ ከቢሮዋ ሮጣ መጥታ እሷም ማለች። በማልን ቁጥር ነገሩ እየጠና ሄደ፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚምለው «ምንም አልሆነም» ብሎ ነውና። እማማ ፍራሻቸውን ከአልጋ አውርደው መሬት አነጠፉና ተቀመጡ። እህል አምጡልኝም አላሉ፣ ያመጡላቸውንም አልነኩ። ከሰዓት በኋላ የግቢው ሰው አንድ በአንድ እየመጣ «እግዜር ያጽናሽ» እያለ አጠገባቸው ተቀመጠ። እኒያ ተረበኛው ሽማግሌ ሳይቀሩ ፋሻቸው ሳይቀየር እያነከሱ መጥተው እንባቸውን ጠረጉ። ሞታለች ያለ ሰው በሌለበት የልጅቱ ለቅሶ ተጀመረ።

አስተባባሪዋ ወደ በሩ ይዛኝ ወጣች። «አንቺ ነሽ ያመጣሽብን፤ አንቺው መልሺው» አለችኝ። «በባዶ ሆዳቸው ከሰነበቱ እኒህ ሴት ሳምንት አይቆዩም።»

ልክ ነበረች። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ከቀብሩ ወደ መጦሪያው ስመለስ እኔ ራሴ መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ሰባት ወር። ምናልባት እኔ ሳላውቅ እውነቱን ይዤ ገብቼ ቢሆንስ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። ልጅቱን ፍለጋ የምወጣው ሕይወቷን ላገኝ ይሁን ሞቷን አላውቅም ነበር።

እማማ መቀነታቸው ጫፍ ላይ በቋጠሯት ወረቀት ሁለት ስልክ ቁጥር ነበር። ሁለቱም አይሠራም። ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ አንበሳሜ ወረድኩ። ገበያው ውስጥ የእማማን ልጅ የምታውቅ እየፈለግኩ በርበሬ ተራ፣ ሽንኩርት ተራ ስዞር ዋልኩ። በመጨረሻ አብራት አረብ አገር የኖረችና አሁን የልብስ መደብ ያላት ወጣት አሳዩኝ። ስለ ማን እናት ብዬ እንደመጣሁ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ፤ የኔም ልብ ቆመ።

«በሕይወት አለች» አለች። «ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ ነው የወጣች። ወረቀት የላትም። ሌሎች የአገር ልጆች ዘንድ ተጠግታ አለች። ‹ይህን ለእናቴ ከምነግራት ዝም ብል ይሻላል› ብላ ነው። ለማንም አትንገሩ ብላናለች።»

አዲሱን ቁጥር ለምኜ ተቀበልኩ። እዚያው ገበያ መሀል ቆሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። መልእክት ጻፍኩ፤ እናትሽ ያሉበት መጦሪያ የማገለግል ነኝ፣ እባክሽ በአስቸኳይ ደውዪ፤ እንዳትደነግጥም ብዬ እናትሽ ደህና ናቸው አልኩ። እንዳነበበችው ስልኩ ያሳየኛል። መልስ የለም። እናትሽ ደህና ናቸው፣ አትስጊ ብዬ ደገምኩ። አነበበች። ዝም። እሑድ ሦስተኛ ጻፍኩ፤ በእግዚአብሔር ስም፣ እናትሽ ደህና ናቸው፣ ብቻ ድምፅሽን አሰሚን። አነበበች። በእግሬ ብደርስባት ያን ቀን በጥፊ አልላትም ነበር ማለት አልችልም። እናቷ ከውሃና ከአንድ ጭብጥ በሶ ሌላ የቀመሱት የለም፤ እሷ መልእክት እያነበበች ዝም ትላለች።

ሰኞ ጠዋት የድምፅ መልእክት ላከች። ሱቄ ውስጥ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ግማሹን ሠርቼ ግማሹ በእጄ ላይ እያለ ከፈትኩት። የምትናገረው እያለቀሰች ነበር።

«እህቴ፣ እናቴ መቼ ነው የሞተች? ቀብሯ የት ነው? ደህና ናት ለማለት ሰው አንዴ ይበቃው ነበር። ሦስቴ ስትይኝ ገባኝ። አትሸፋፍኚኝ።»

ፀጉሩን ለቅቄ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ባላወቅኩት ድምፅ ጮህኩ መሰለኝ፣ ደንበኛዬ ዘወር ብላ አየችኝ። በምስል ደወልኩላት፤ አሁን አነሳች። ዓይኗ አብጧል፣ ሻሽ አስራለች፣ ከእማማ ጋር የሚመሳሰል አገጭ አላት። ሰላምታም አልሰጠችኝ።

«ነጠላሽን አሳዪኝ» አለች።

ወንበር ላይ የጣልኩትን ነጠላ አንስቼ ለበስኩና ጥለቱን ታች አሳየኋት።

«አሁን እኮ ነው የለበስሽው» አለችኝ።

እናትና ልጅ። ስልኩን ሳልዘጋ፣ ደንበኛዬን ግማሽ ሹሩባ እንዳደረገች ትቼ ባጃጅ ያዝኩ። ቁልቁለቱ ጋ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ እንደገና እስኪገናኝ ሁለቴ ሞቼ ተነሳሁ። መጦሪያው ስደርስ እየሮጥኩ ገባሁና ስልኩን መሬት ለተቀመጡት እማማ ፊታቸው ላይ ያዝኩላቸው። ልጅቱ እናቷን አየች። ያየችው ግን ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገው ነው።

«እናቴ፣ አለሽ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት።

«አንች» አሉ። «አንች ነሽ የሞትሽ።»

ለቀስተኛው ሁሉ መጀመሪያ አለቀሰ፤ ቀጥሎ ሽማግሌው ሳቃቸውን ለቀቁት፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ ተከተላቸው። እማማ ግን አልሳቁም። ልጃቸውን እንደ ገበያ ቀን ደንበኛ አጥብቀው ተቆጧት። ጠፍታ መውጣቷን፣ ወረቀት ማጣቷን፣ ማፈሯን ሁሉ ነገረቻቸው። «ይህን ደብቀሽኝ ነው እንዴ ሰባት ወር የገደልሽኝ?» አሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚኝ፤ ከእንግዲህ በእሷ የደረሰ ነገር ካለ እንዳትሸፋፍኝኝ። በሬ ምናምን አትበይኝ።» ከስልኩ ውስጥ ልጅቱ ተቀበለቻቸው። «ለእኔም እህቴ። በሰው አገር ናት ብለሽ እንዳትደብቂኝ። አደራ።»

«አደራውን ተቀብያለሁ» አልኩ። ደስታ አስክሮኝ ነበር። የዕለቱን ሽሮ ራሴ አጎረስኳቸው፤ ቀጠነ ብለው ሰደቡኝ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ልጅቱ በእኔ ስልክ ትደውላለች። እኔ እሑድ እሑድም መሄድ ጀመርኩ። ስልኩን ሳነሳ የመጀመሪያ ቃሏ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ነጠላሽን አሳዪኝ» ትላለች እየሳቀች። ጥለቱን ታች አሳያትና ለእናቷ አቀብላለሁ። ቀልድ ሆነ። እኔን ግን አላሳቀኝም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሌላ ቀን መጦሪያው በር ሳልደርስ ነጠላዬን አውልቄ እጄ ላይ አጥፌ ነበር የምገባው። ሰዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቴን ሳይሆን ትከሻዬን እንደነበር አውቃለሁ።

ክረምቱ ሲገባ እማማን ደረታቸውን ያማቸው ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፣ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ተሻላቸው ስንል ሐሙስ ጠዋት አረፉ። የዚያኑ ዕለት በዝናብ ቀበርናቸው። ከግቢው ሰው መቃብሩ ድረስ መውጣት የቻለው በምርኩዙ እየተደገፈ ወጣ።

ከቀብር ስንመለስ አስተባባሪዋ ክንዴን ያዘችኝ። «ለልጅቱ እንዳትነግሪ» አለችኝ። «ወረቀት የላትም፣ ዘመድ የላትም። ራሷን ብትጎዳስ? አገሯ ስትገባ ትስማው።» ሽማግሌው ጭቃውን ከጫማቸው እያራገፉ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» አሉኝ፤ ተረብ አልነበረባቸውም።

አላኮረፍኳቸውም። ሐሙስ ማታ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ይኸው ነበር በአእምሮዬ የሚመላለሰው። ብነግራትና አንድ ነገር ብታደርግ ዕዳው የእኔ ነው። ባልነግራት ደግሞ ምን እንደምላት ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ እናትሽ ጠበል ሄዳለች፣ ጉሮሮዋን ዘግቷታል። ይህን ሰው ሲለኝ ኖሯል። እነ አክስቴ ሲደብቁኝ ከንቀት መስሎኝ ለዓመታት ተቀይሜ ነበር። ያን ቅዳሜ ፈርተው እንደነበር ገባኝ። ይቅር ብያቸው ሳበቃ እንኳ ዐሥራ አንዱን ወር ማንም አልመለሰልኝም። የሞተችን እናት ዐሥራ አንድ ወር ሰላም በሉልኝ ስል ኖሬያለሁ።

እሑድ ረፋድ ላይ ለአንበሳሜዋ ልብስ ሻጭ ደወልኩ። ልጅቱ የተጠጋችባቸውን ሴቶች ስልክ ሰጠችኝ። ሦስት ነበሩ። ማንም ከቤት እንዳይወጣ፣ ምሳ አብልተዋት ከጎኗ እንዲቀመጡ፣ ለሳምንት ብቻዋን እንዳይተዋት ለመንኳቸው። አንዷ አለቀሰች፤ ሌላዋ «እናት ያለን ሁሉ ይኸው ነው የሚጠብቀን» አለችኝ። የመርዶን ወግ ዘመድ በሌለበት ባሕር ማዶ ልሞላው የቻልኩት እንደዚህ ነው።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል መጦሪያው ውስጥ እማማ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ነጠላዬን ለበስኩ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ለበስኩ። አስተባባሪዋ ከቢሮዋ በር ላይ ቆማ ታየኛለች እንጂ አልከለከለችኝም። ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ስልኩ ጠራ። ልጅቱ ፊቷ ታጥቦ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ ነበር። ከኋላዋ ሦስቱ ሴቶች አልጋ ላይ ተደርድረው ይታዩኛል፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገዋል። እሷ ልብ አላለቻቸውም።

«ነጠላሽን አሳዪኝ» አለች እየሳቀች።

ስልኩን ከፊቴ ወደ አንገቴ ዝቅ አደረግኩና ጥለቱን አሳየኋት።